ስለ ሩሐማ ሰርግ፣ ከኋላው አግዳሚ

ለምሕረት ደጅ ቤተ ክርስቲያን የሽማግሌዎች ጉባኤ
አሶሳ
ሚያዝያ 17 ቀን 1987 ዓ.ም.

በጌታ እጅግ የተከበራችሁና ስለ መንጋው ሌት ተቀን የምትደክሙ ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በቤታችሁ ሰላም፣ በመካከላችሁም ፍቅር እንዳላችሁ እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። በተለይም የጉባኤያችን ሰብሳቢ የጋሽ ደባልቄ ጉልበት ፈጽሞ ድኖ እንደ ልባቸው እንዲንበረከኩ እጸልያለሁ፤ በዚህ ሰሞን መንበርከክ የሚያስፈልገው ነገር በዝቶብናልና።

የምጽፍላችሁ እህት አስረሳሽ ነኝ። ገበያው አጠገብ ልብስ የምሰፋው፣ እስከ አሥረኛ ክፍል የተማርኩት፣ ብዙ የማወራው። ሦስቱንም ታውቃላችሁ፤ ሦስተኛውን ደግሞ ከማንም በላይ ተጠቅማችሁበታል። ከቀጣችሁኝ ወዲህ እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ጠዋት እያዜምኩ ነው ሱቄን የምከፍተው። ከዚያ ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነጭ ቬሎ ያየኛል፤ ዜማውን አቋርጬ መርፌዬን አነሣለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግቢያችን በር ላይ ስለምለጥፈው፣ ነገሩን የማያውቅ አላፊ አግዳሚ እንዳይደናገር ከመነሻው ላስረዳ። እህት ሩሐማ የጤና ጣቢያችን ነርስና የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ናት። የተወለደችው በመተከል፣ ወንበራ፣ ደብረ ዘይት ነው። ደብረ ዘይት ሲባል ሐይቅ ያለበት ከተማ ብቻ ለሚታየው ሁሉ፣ አዲሱ ክልላችንም የራሱ ደብረ ዘይት እንዳለው ይወቅልን፤ የዚያ አገር ሰው የገዛ ክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ ለመድረስ ዓባይን ዞሮ፣ የሰው ክልል አቋርጦ፣ አቧራ ለብሶ ነው የሚመጣው። የአገሯ ሰዎች ያን ሁሉ ዞረው መጥተው «አንቺ ተምረሻል፣ ቋንቋችንንም አልረሳሽም፣ ለክልሉ ምክር ቤት ተወዳደሪልን» አሏት። እናንተ ደግሞ «አማኝ ፖለቲካ ውስጥ እጁን አያስገባም፤ ከውድድሩ ካልወጣሽ ሰርግሽን አንባርክም» አላችኋት። እጮኛዋ መምህር አንለይ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው። ሰርጉ የፊታችን እሑድ ነው። የተለጠፈውን ለምታነቡ መንገደኞች ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ የጸሎት ርእስ እንዴት እንደሚያዝ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

እንደምታውቁት እኛ ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ ስንሰበሰብ፣ ከመንበርከካችን በፊት እያንዳንዳችን የጸሎት ርእስ እናቀርባለን። ገበያ ላይ ቢነገር ሐሜት የሚሆነው ሁሉ ዓይን ጨፍነው ሲናገሩት የጸሎት ርእስ ይሆናል። የማን ባል እንደጠጣ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየ በዚህ መንገድ ሳናማ እናውቃለን። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር በዚህ አገልግሎት ጸጋ ነበረኝ።

ሩሐማ ሱቄ መጥታ ወገቧን እየለካሁላት ነበር። ስፒሎቹን በከንፈሬ ነክሼ ስለነበር የማልናገር መስሏት ይሆናል፣ «እትዬ አስረሳሽ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን ለአንለይና ለሽማግሌዎቹ እስክነግር ድረስ ለማንም እንዳታወጪብኝ» ብላ የአገሯ ሰዎች የጠየቋትን ነገረችኝ። እኔም በስፒሎቼ መካከል «እህም» አልኩ። ሐሙስ መጣ። ስፒሎቹ ከንፈሬ ላይ አልነበሩም። «እህታችን ሩሐማ ምርጫ ስለገጠማት ጌታ ፈቃዱን ያሳያት» አልኩ። እህት ወለተሥላሴ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «የምን ምርጫ? አንለይን መርጣ የለም እንዴ? ሌላ መጣ?» አለች። የልጅቷ ስም እንዳይጠፋ ብዬ፣ ለራሴ የነገርኩት እንዲህ ነው፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ከሴቶቹ ጸሎት ወደ ወጣቶቹ፣ ከወጣቶቹ ወደ ጾም ጸሎቱ፣ ከዚያ ወደ እናንተ ሄደ። ከእኔ አፍ ሲወጣ «ልትወዳደር ነው» ነበር። ወጣቶቹ ዘንድ «ውድድር ገብታለች» ሆነ። ጾም ጸሎቱ ላይ «ሰፋሪውን የሚያስወጣ ሕግ ልታወጣ ነው» ሆኖ እንባ ፈሰሰበት። እናንተም የተከበራችሁ ሽማግሌዎች አንድም ሰው ሳትጠይቁ ልጅቷን ጠራችኋት፤ በጸሎት የመጣን ነገር ማጣራት የእምነት ማነስ ይመስላልና። እሷ ለእናንተ ልትነግር ቀጠሮ ይዛ ነበር። ለአንለይም ልትነግረው ቃል አዘጋጅታ ነበር። እሱ የሰማው ግን ከተማሪዎቹ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፍጥነቱ ግን የእናንተ ስለሆነ ምስጋናውን እንካፈል።

ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከፖለቲካ ነጻ መሆኗን በግልጽ ስላሳያችሁን አመሰግናለሁ።

ልጅቷን በጠራችኋት ቀን እኔ የአዳራሹን መጋረጃ እየጠገንኩ ከመጋረጃው ወዲያ እንደነበርኩ ረስታችሁኝ ነበር። ጋሽ ደባልቄ «ዜግነትሽ የት ነው?» ብለው ሲጠይቋት፣ «በሰማይ ነው፣ ጋሼ፤ መታወቂያዬን ግን ቀበሌ ነው የሰጠኝ» ስትል፣ ወንድም ገቢሳ ሳቅ አምልጧቸው ወደ ሳል ሲለውጡት ሰማሁ፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ በመካከላችሁ ስላለ ደስ አለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቀጥላም በባዕድ ንጉሥ ቤት በሹመት ተቀምጠው አምላካቸውን ስላገለገሉ የእምነት አባቶች ስታነሣ፣ ወንድም ነገሪ «እነሱ ተሾሙ እንጂ አልተወዳደሩም» አሏት። እንግዲህ ሰው ሳይመርጠን መሾም ቅዱስ፣ ሰው መርጦን ማገልገል ርኩስ እንደሆነ የተማርኩት መርፌ ይዤ ከመጋረጃ ጀርባ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለን ይህ ትምህርት አልደረሰንም ነበር።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከአምልኮ በኋላ ማንጎው ጥላ ሥር የተባባላችሁትን ደግሞ ሁላችንም ሰምተናል፤ ድምፃችሁ ትልቅ ነው። ወንድም ነገሪ «በደርግ ጊዜ የተዘጋችውን ቤተ ክርስቲያን ያስከፈተልን ይህ መንግሥት ነው፤ ድምፅ መስጠት ምስጋና ነው» አሉ። ጋሽ ደባልቄ «በክልል መከፋፈል ሕዝብን መበተን ነው፤ አማኝ የምርጫ ካርዱን ማየት የለበትም» አሉ። ወንድም ገቢሳ «ወንበር ላይ ያለ ሁሉ ከላይ የተቀመጠ ነው» ብለው አስታረቋችሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑን የቦታ ጉዳይ የሚያስፈጽመው ሹም ሊጎበኘን የመጣ ጊዜም እጃቸውን ጭነው «አንተ የተቀባህ» ብለው ከመድረክ ሲጸልዩለት፣ ሰውየው ደንግጦ ግንባሩን በመሐረብ እንደጠረገ እናስታውሳለን። ሦስታችሁም የየራሳችሁ ፖለቲካ አላችሁ፤ ለሦስቱም ጥቅስ አላችሁ። ያልተስማማችሁበት ብዙ ነው፤ የተስማማችሁት ሩሐማ ላይ ብቻ ነው። እሷ ያላት ደግሞ ፖለቲካ አይመስለኝም፤ አዋላጅና የውሃ ጉድጓድ የሚፈልጉ፣ ብዙ መንገድ ዞረው የመጡ ሰዎች ናቸው ያሏት።

ሦስተኛ፣ ስለ ኋላው አግዳሚ አመሰግናለሁ።

ለማያውቅ መንገደኛ፦ በቤተ ክርስቲያናችን የተቀጣ ሰው አያገለግልም፣ ከጌታ ራት አይካፈልም፣ በሩ አጠገብ ባለው የመጨረሻ አግዳሚ ይቀመጣል። ከውድድሩ አልወጣም ብላ የተቀጣችው ሩሐማ የመዘምራኑን ልብስ አጣጥፋ መድረኩ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ወደዚያ ስትሄድ እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አንገትጌው ላይ ያለውን ጥልፍ ከሩቅ አውቀዋለሁ። መዘምራኑ ጀመሩ፤ የእሷ ድምፅ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይሰማል። አንለይ ከወንዶቹ በኩል ተነሣና፣ ማንም ሳይቀጣው፣ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ ግን አልተነሣሁም። አጨበጨብኩ እንኳ፤ እጄ ለምዶ።

በማግስቱ ሱቄ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ በሩን ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩ። «እትዬ አስረሳሽ፣ የታችኛውን እጥፋት ጨረስሽው?» አለችኝ። ሌላ ምንም። እዚያው ለብሳ ቆመች፤ እኔም ከእግሯ ሥር ተንበርክኬ ስፒል ሰካሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲያ ተንበርክኬ አላውቅም።

አሁን የምጽፈውን ለእናንተ ሳይሆን ለራሴ ነው የምጽፈው፤ እናንተ ከፈለጋችሁ ዝለሉት። እኛ በሰባ ሰባት ከወሎ ስንመጣ ያረፍንበት መንደር ስም እንኳ አልነበረውም፤ ቁጥር ነበር። ቁጥሩን ቤት አደረግነው። ማንጎ ተከልን፣ ቀበርን፣ ወለድን፣ ጌታንም ያወቅነው እዚሁ ነው። ከዚያ ይህ አዲስ ክልል መጣ፤ ስሙ የሌሎች ነው፤ እኛ የለንበትም። ሩሐማ «ልወዳደር ነው» ስትለኝ ደስ አለኝ፣ እውነት ነው። ከደስታው ሥር ግን ልብስ ውስጥ እንደተረሳ ስፒል የሚወጋኝ ነገር ነበር፤ ይህች ልጅ ምክር ቤት ከገባች የእኔ ቤትና የእኔ ማንጎ የማን ሊሆን ነው? ይህን ለሰው መናገር አሳፈረኝ፤ ስለዚህ ለጌታ ብዬ ጠቅልዬ አቀረብኩት። «ፈቃዱን ያሳያት» ስል፣ ፈቃዱ «አይሆንም» እንዲሆን በጎን እየጠቆምኩት ነበር። ጾም ጸሎቱ ላይ የተነዛውን ወሬ ማን ፈጠረው እያልኩ ብዙ ፈለግሁ። ዘሩ ከእኔ ድምፅ ውስጥ ነበር። ወለተሥላሴ የሰማችው ቃሌን አይደለም፤ ፍርሃቴን ነው። እሷም የእኔው መንደር ሰው ናት።

ለዚህ ነው በሆሳዕና እሑድ በምስክርነት ሰዓት ማይኩን ይዤ ይህንኑ የተናገርኩት። «ስለ ሩሐማ ያቀረብኩት ጸሎት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር፤ እናንተም የፈረዳችሁት በእኔ ፍርሃት ነው» አልኩ። የቀረውን ልል ስል ጋሽ ደባልቄ ማይኩን በፍቅር ከእጄ ወስደው «እህታችን ዛሬ ስሜት አሸንፏታል» አሉ፤ ማታውንም ምእመናንን በመከፋፈል ተቀጣሁ። ስንት ዓመት ሳወራ ኖሬ የተቀጣሁት እውነት በተናገርኩ ቀን መሆኑ ያስቃል፤ በጣም ሳቅኩ።

ወደ ኋላው አግዳሚ ስሄድ ሩሐማ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። እኔም በሹክሹክታ «ስለ እኛ ስለ ሰፋሪዎቹ ምን ታስቢያለሽ?» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝና «ይህን መጀመሪያ ለምን አልጠየቅሽኝም? አንለይ ከየት የመጣ መሰለሽ?» አለች። አንለይ የመዝሙር መጽሐፉን ፊቱ ላይ ደፍቶ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ «ደግሞ ቃሌን ብቻ አትመኚ። ከተመረጥኩ ቢሮዬ ድረስ መጥተሽ ጠይቂኝ፤ ካልመለስኩልሽ ያኔ በፈለግሽው ቦታ አውሪብኝ» አለችኝ። ይቅር አልሽኝ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። አልደፈርኩም። ቦታ ግን ሰጥታኛለች።

ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ ከፊት ረድፍ ለምትቀመጡት አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ፤ ቆርቆሮው የሚያቃጥለው እናንተን ነው። በሩ አጠገብ የማንጎው ነፋስ ይገባል። ባለፈው እሑድ በፋሲካው አምልኮ እህት የሺሀረግ «ሙቀቱን አልቻልኩም» ብላ ወደ እኛ መጣች። ቀጥሎ የሷ እህት መጣች። ቀጥሎ፣ ብትገረሙም፣ ወለተሥላሴ መጣች፤ ሩሐማን ቀና ብላ ሳታይ ከጎኔ ተቀመጠችና «ጠጋ በይ፣ አንቺ ወሬኛ» አለችኝ። አግዳሚው ስላልበቃን ከግቢ ሌላ አስገብተናል። ቅጣታችሁ እንዲህ ይሰፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አራተኛው ስለ ሰርጉ ነው፤ እሱን ምስጋና ማድረግ አቅቶኛል።

አዳራሹ ተዘግቷል ብላችሁናል። የአንለይ እናት ከጎጃም ተነሥተዋል፤ የሩሐማም ቤተሰብ ያንኑ ሁሉ ዞሮ እየመጣ ነው። እነዚህ ሰዎች መጥተው በተዘጋ በር ፊት ሲቆሙ፣ በሩን ማን ዘጋው ቢባል እናንተ ናችሁ፤ ቁልፉን ማን አቀበላቸው ቢባል እኔ ነኝ። ሌሊት ይህ ነው የሚቀሰቅሰኝ።

ጎረቤቴን ሱለይማንን ታውቁታላችሁ፤ መንጌ ወረዳ ወርቅ አጥቦ ገንዘብ ይዞ ገበያችን ውስጥ ሱቅ የከፈተው የበርታ ተወላጅ ነጋዴ፣ አርብ አርብ ሱቁን ዘግቶ መስጊድ የሚሄደው። ቬሎውን አይቶ «ሰርግ የታለ?» ብሎ ጠየቀኝና የሆነውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ስለ ሩሐማ ሲናገርም፣ በራሱ አማርኛ፣ «እሱ ልጃችን ነው። እኔ ወባ ይዞኝ መርፌ ወግቶኛል፣ አላመመኝም። ግቢ የኔ ሰፊ ነው፣ ሰርግ እዚያ ይሁን። ምርጫ ሌላ፣ ሰርግ ሌላ፤ ወላሂ እናንተ ሰዎች ነገር ትቀላቅላላችሁ» አለኝ። በአንድ ዓመት ስብከት ያልገባኝን እዚያው በሱቄ በር ላይ ጨረሰልኝ። የምሕረት ደጅ ሲዘጋ የሱለይማን ደጅ ተከፍቷል፤ ለዚህም ምስጋናው ለእናንተ ይድረስ።

ሰርጉን የሚባርኩትም ተገኝተዋል፤ አባባ ዱጋሳ ናቸው። ጋሽ ደባልቄን ያጠመቁት፣ ስለ ወንጌል በደርግ ጊዜ የታሰሩት፣ አሁን ዓይናቸው የደከመው አባባ ዱጋሳ። ልንለምናቸው ስንሄድ ፖለቲካውን ሁሉ አስረዳኋቸው፤ ረጅም ነበር፤ ስጨርስ «ይዋደዳሉ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። «ታዲያ እኔ ስታሰር ቤተ ክርስቲያናችን ጓዳ ነበረች፤ አሁን ግቢ ካገኘን ምን ያስለቅስሻል?» አሉኝ። እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ ሩሐማ ትመረጥ አትመረጥ፣ ትክክል ትሁን ትሳሳት፣ ድምፃችሁን ስጧት አልልም። እኔም ራሴ ገና እየፈራሁ ነው፤ ፍርሃቱ በአንድ እሑድ አይለቅም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ እሑድ ኑና እጃችሁን ጫኑላቸው። ለቦታ ሹሙ የዘረጋችሁትን ያህል ብቻ ይበቃል። ባትመጡም አንቀየምም፤ ብትመጡ ግን ቀደም በሉ። የፊተኛው ረድፍ ለሙሽሮቹ ቤተሰቦች ተይዟል። ለእናንተ የኋላውን አግዳሚ ጠብቀንላችኋል፤ ነፋሻ ነው።

እስከዚያው የጉባኤያችሁ ጥበብ እንዲበዛ፣ የጋሽ ደባልቄ ጉልበት እንዲድን፣ የወንድም ገቢሳ ሳል እንዳይሻላቸው፣ የወንድም ነገሪም ጥቅሶች እንዳያልቁባቸው እየተመኘሁ፣ ወሬዬ የሰው ሰርግ ያበላሸ፣ መርፌዬ ግን ቬሎውን የጨረሰ፣ ጥፋቷን የምታውቅና ስለ ቅጣቷ ከልብ የምታመሰግን፣

እህታችሁ አስረሳሽ
ከበሩ አጠገብ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ

ማስታወሻ፦ ከእንግዲህ ሰውን ሳላስፈቅድ የማንንም ነገር የጸሎት ርእስ አድርጌ እንዳላቀርብ ለሩሐማ ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሌንም እጠብቃለሁ። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። የሴቶቹ ጸሎት ርእስ እናንተ እንድትሆኑ፣ በየስማችሁና ከነዝርዝሩ፣ ፈቃዳችሁን በዚህ ደብዳቤ በትሕትና እጠይቃለሁ። እስከዚያ አዳራሹ ካልተከፈተ እንደፈቀዳችሁ እቆጥረዋለሁ።